«የፈንታነሽ እናት ማን ናት?» ብላችሁ ለጠየቃችሁን

ቢቸና፣ ኅዳር 2010 ዓ.ም.

ለክቡር ዶክተር ሣህለ ማርያም
የተከላካይ ሕዋሳት ዘረመል ንባብ ጥናት ማስተባበሪያ ዳይሬክተር
ባሕር ዳር

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። ነጭ የደም ሕዋሳትዎ በየበራቸው ቆመው፣ ሳል ሲመጣ ሳሉን፣ ቁስል ሲመጣ ቁስሉን እየመለሱ፣ እርስዎን ለቢሮዎ፣ ቢሮዎንም ለእርስዎ ጠብቀው እንዳቆዩልን ተስፋ አደርጋለሁ። የልጆችዎም ሕዋሳት እንዲሁ። ይህን የምመኘው ከልቤ ነው፤ የልጅ ሕዋስ ሥራውን ሲተው ምን እንደሚመስል አይቻለሁና ለጠላቴም አልመኘውም።

ስሜ ጓዴ አካለ ወልድ ይባላል። በቢቸና ከተማ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጠረጴዛ ዘርግቼ ለባለጉዳይ ማመልከቻ የምጽፍ ሰው ነኝ። ድንበር የተገፋበት፣ በሬ የጠፋበት፣ ከሚስቱ የተጣላ ሁሉ እኔ ዘንድ ይመጣል፤ እኔም የነገረኝን «ክቡር ፍርድ ቤቱ እንዲረዳልኝ» በሚል ልብስ አልብሼ አስገባለታለሁ። ለሌላው ስጽፍ አንድ ወረቀት ይበቃኛል። ይህን ስጀምር ግን ወረቀት እያበላሸሁ ደጋግሜ ጀምሬአለሁና፣ ቃሌ አንዳንድ ቦታ ቢሻክር ከድፍረት ሳይሆን ከፍርሃት እንደሆነ እንዲቆጥሩልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል ይባላልና፣ የምችለውን ያህል በጨዋ ደንብ ለመናገር እሞክራለሁ።

ደብዳቤው ለሕዝብ ግልጽ የሆነበት ምክንያት በእኔ ድፍረት አይደለም። አስቀድሞ የጻፍኩትን ደብዳቤ አሽጌ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነበር፤ ጥበቃችሁ በአክብሮት ተቀብሎ በደጃችሁ ባለው የአስተያየት መስጫ ሣጥን ውስጥ እንድከተው አሳየኝ። ሣጥኑ ላይ ሸረሪት ድር ሠርታበት ስላየሁ የእርሷን ቤት ማፍረሱ ደግ አልመሰለኝም። ሌላው ምክንያት ከራሳችሁ ቢሮ የመጣ ትእዛዝ ነው፤ እርሱን ቦታው ሲደርስ እነግርዎታለሁ። አሁን የዚህ ደብዳቤ አንዱ ቅጂ በቢቸና ከጠረጴዛዬ ጀርባ፣ አንዱም በሞጣ መናኸሪያ፣ ወደ ባሕር ዳር የሚሄዱ ሚኒባሶች ተራ በሚጠብቁበት ግድግዳ ላይ ሊለጠፍ ነው።

በቅድሚያ ምስጋና አለብኝ። ባለፈው ዓመት በጥር፣ የጥምቀት ታቦት በገባ ሰሞን፣ ባለሙያዎቻችሁ በነጭ መኪና ቢቸና ድረስ መጥተው፣ በአዳራሽ ሰብስበው ስላስተማሩን እናመሰግናለን። ከመካከላቸው መነጽር ያደረገ አንድ ወጣት ባለሙያ፣ የሰው ገላ ሕዋስ ሁሉ፣ የቆዳውም የጉበቱም የደሙም፣ አንድ ዓይነት መጽሐፍ ይዞ እንደሚኖር፣ ሕዋስ ከሕዋስ የሚለየው በሚገልጠው ገጽ ብቻ እንደሆነ በሥዕል አሳየን። እኔ የቄስ ልጅ ነኝና ወዲያው ስንክሳር ትዝ አለኝ፤ የዓመቱ ሁሉ ታሪክ በጥራዙ ውስጥ አለ፣ ሲደርስ የሚገለጠው ግን የዕለቱ ነው። ይህንኑ ብነግረው ወጣቱ ደስ ብሎት፣ በሌላ ከተማ ሲያስተምር እንደሚጠቀምበት ነገረኝ። ተጠቅሞበት ከሆነ ይባረክለት።

ድሮ ብዙ ሺህ ሕዋስ አንድ ላይ ተፈጭቶ ይነበብ ስለነበር፣ ነገሩ የገበያን ሁካታ ከሩቅ ሰምቶ አንዱ ሰው ምን እንዳለ ለማወቅ እንደመሞከር ነበር አለን። አሁን ግን እያንዳንዱ ነጭ የደም ሕዋስ ለብቻው ቀርቦ፣ የትኛው ገጹ ክፍት፣ የትኛው ዝግ እንደሆነ፣ ከተከፈተውም የትኛው እየተገለበጠ ለሥራ እንደሚወጣ መሣሪያችሁ ያነባል። ይህን ንባብ እናንተ ሲኩዌንሲንግ ትሉታላችሁ። ከዚህም በላይ፣ ከልጅ የተቀዳውን ሕዋስ በሕይወት ሳለ የሞተ ጀርም አሳይታችሁት፣ ጠላት መጣ ሲባል የትኛውን ገጽ እንደሚገልጥና የትኛውን እንደሚዘጋ ታያላችሁ። ሕዋሱ በሕይወት መድረስ ስላለበትም ደሙ እንደተቀዳ በቅዝቃዜ ሣጥን ሆኖ ወደ ባሕር ዳር መሮጥ አለበት።

ክቡር ሆይ፣ ይህን ስሰማ የዳንን መስሎኝ ነበር።

ለምን እንደመሰለኝ ላስረዳ። እኔና ባለቤቴ ማስተዋል ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሩን፤ ባንተአምላክና አንዷለም። ሁለቱም ሲወለዱ ሙሉ ነበሩ። ጡት ከተዉ በኋላ ግን ትኩሳት አልለቅ አላቸው። መጀመሪያ አንገታቸው ሥር ያብጣል፣ እብጠቱ ይፈርጣል፣ ፈርጦም አይደርቅም፣ ከዚያ ሳንባ ይገባል። ጠበልም ሄድን፣ ሐኪም ቤትም ተኛን። ታላቁ በሄደበት መንገድ ታናሹ ተከተለ፤ የወተት ጥርሳቸው እንኳ አልተነቀለም ነበር። ሁለቱንም አቅፌ ወደ ቤተ ክርስቲያን የወሰድኳቸው እኔ ነኝ፤ ለትንሽ ሬሳ ቃሬዛ አያስፈልግም።

ሦስተኛዋ ፈንታነሽ ናት፤ አሁን አራት ዓመቷ ነው። እርሷም ትኩሳት ሲመላለስባት ሞጣ ወደሚሠሩት ሐኪም፣ ወደ ዶክተር ሰርካለም ወሰድናት። ዶክተር ሰርካለም የወንድሞቿን ታሪክ ሰምተው፣ መርምረውም፣ እንዲህ ሲሉ ነገሩን። የልጅቱ የደም ዘቦች ከሁለት አንዱ ሆነዋል። ወይ ተኝተዋል፤ ጠላት ሲመጣ የሚገለጠው ገጽ አልገለጥ ብሏቸዋል። ወይ ደግሞ አንዴ የተገለጠው ገጽ አልዘጋ ብሏቸው፣ ጠላቱ ከሄደ በኋላ የልጅቱን የራሷን ገላ ይወጋሉ። ከውጭ ሲያዩት ሁለቱም አንድ ነው፤ ትኩሳትና እብጠት። ለተኙት የሚያነቃ መድኃኒት አለ፣ ለነቁት የሚያስተኛ አለ፤ አንዱን በሌላው ቦታ መስጠት ግን ልጅቱን በእጅ መግደል ነው። በእርሳቸው ዘንድ ይህን የሚለይ መሣሪያ የለም። ያለው በእናንተ ዘንድ ነው። ወደ አዳራሻችሁ የላኩን እርሳቸው ናቸው።

እንግዲህ ቅሬታዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ፤ ቢሮ የሚወደው እንዲህ ነውና።

አንደኛ። በአዳራሹ ውስጥ፣ ሕዝቡ ሁሉ እየሰማ፣ ባለሙያችሁ ድምፁን ከፍ አድርጎ የፈንታነሽ እናት ማን እንደሆነች ጠየቀ። ሕዝቡም ባንድ አፍ ወይዘሮ አስናቀች ናቸው ብሎ መለሰ።

ይህን ለማስረዳት ወደ ልጅቱ ልደት መመለስ ግድ ይለኛል። በእኛ አገር ልጅ አልበረክትለት ያለ ሰው የወለደውን ይሸጣል። ሁለት ቀብራ ሦስተኛ የወለደች ሴት ልጄ ብላ ከጠራቻት ሞት ይሰማል፣ የዚያች ቤት ናት ብሎ ይመጣል። ስለዚህ ልጅቱን አንዲት ልጆቿ ሁሉ የበረከቱላት ሴት ትገዛታለች። ወይዘሮ አስናቀች ጎረቤታችን ናቸው፤ ከወለዷቸው አንድ እንኳ አልሞተባቸውም። ፈንታነሽ በተወለደች ዕለት በጓሯችን በር መጥተው እንደ ማንኛውም ገበያተኛ ተከራከሩ፣ አንድ እፍኝ ጤፍ ከፈሉ፣ ልጅቱን በነጠላቸው ጠቅልለው ወሰዷት። ስሟንም እርሳቸው አወጡላት። ከዚያ ተመልሰው መጥተው፣ ልጄን አጥቢልኝ፣ እኔ ወተት የለኝም ብለው ለማስተዋል አደራ ሰጧት።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ማስተዋል አጥቢ፣ እኔም የአጥቢዋ ባል ነኝ። ልጅቱ አስናቀችን እማ ትላለች፤ እናቷን ማስቴ፣ እኔን ደግሞ ጋሼ ጓዴ እያለች ትጠራለች። ማስተዋል አንድ ቀን እንኳ ልጄ ብላት አታውቅም። ስታበስልላት፣ ስታጥባት፣ ፀጉሯን ስታበጥር፣ አደናቅፏት ስትወድቅ ሮጣ ስታነሳት፣ የምትጠራት የእማማ አስናቀች ልጅ እያለች ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል፣ ጎረቤቱም ሁሉ ይጠብቅልናል። በዚያ አዳራሽ ውስጥ የፈንታነሽን እትብት የቆረጠችው አዋላጅ ነርስ ተቀምጣ ነበር፤ የእናንተን ጥያቄ ስትሰማ እርሷም ከሁሉ ጋር አስናቀች አለች። እኔ የተማርኩ ሰው ነኝ፣ ፊት በእንዲህ ዓይነቱ ነገር እስቅ ነበር። ሁለተኛውን ከቀበርኩ በኋላ ግን የሚያስቀኝ ነገር አጣሁ።

እግዚአብሔር ያውቃል፣ የንስሐ አባታችንም ያውቃሉ። የደበቅነው ከሞት ነው እንጂ ከእናንተ አይደለም። ሞት በዚያ አዳራሽ እንደሌለ ግን ማን ዋስ ሊሆነን ይችል ነበር?

ወይዘሮ አስናቀች መርፌ እንደ እባብ የሚፈሩ ሰው ናቸው፤ እናት ናቸው ከተባሉ በኋላ ግን ወደ ኋላ ማለት ስላልቻሉ ፊታቸውን አዙረው ክንዳቸውን ሰጡ። እኔም አባት ተብዬ ሰጠሁ፤ የአባት ነገር ብዙም አያስጠይቅምና አልተከራከራችሁም። ልጅቱ ስትቀዳ በጭኗ ይዛ፣ እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች ያባበለቻት ሴት ማስተዋል ነበረች። ባለሙያዎቻችሁ በጥንቃቄ አይተዋት ሞግዚት ብለው መዝግበዋታል። ለጥንቃቄያቸው እናመሰግናለን።

የሚገርመው ይህ አይደለም። ሕዝቡ ሲበተን ወደ መኪናችሁ ሄጄ፣ ያንን ባለመነጽር ወጣት ወደ ጎን ስቤ፣ በሹክሹክታ፣ ልጅቱን በጭኗ የያዘችው ሴት ደም ከእማማ አስናቀች ደም ይልቅ እንደሚጠቅማችሁና፣ ምክንያቱን ከከተማው ወጣ ስንል እንደማስረዳው ነገርኩት። እርሱም ሣጥኑ እንደታሸገ፣ ሕዋሳቱ እየሞቱ እንደሆነ፣ መንገዱ ረጅም እንደሆነ ገለጸልኝ፤ ደግሞም በማጽናናት መልክ፣ አይዞዎት፣ ችግር ካለ መሣሪያው ራሱ ይለየዋል አለኝ። እውነቱን ነበር። መሣሪያው ለይቶታል። ያልለየው ሰው ነው።

ሁለተኛ። በጥቅምት ከቢሮዎ የደረሰን መልስ፣ የእናትና የልጅ ዘረመል ፈጽሞ ባለመገጣጠሙ፣ ቤተሰቡም ሐሰተኛ መረጃ በመስጠቱ፣ ከጥናቱ መሰረዛችንን ያስረዳል። የጽሑፉ አማርኛ ጥሩ ነው፤ እኔም ለደንበኞቼ ስጽፍ ከአንድ ሁለት ቦታ ልዋሰው አስቤአለሁ። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ወይዘሮ አስናቀች ስልሳ ዓመት ሊሞላቸው ትንሽ የቀራቸው፣ የልጅ ልጅ ያዩ፣ ምርኩዝ የያዙ ሴት ናቸው። ዕድሜያቸውን የጻፋችሁት እናንተ ናችሁ፤ የልጅቱንም እንዲሁ። እነዚህን ሁለት ዕድሜዎች ጎን ለጎን ጽፎ ያልደነገጠ ሰው፣ ምናልባት የሣራን ታሪክ አስቦ በቢቸናም ተአምር አይጠፋም ብሎ ይሆናል። እምነታችሁን እናደንቃለን። ከሺህ ሕዋስ መካከል አንዱን ለይቶ የሚያነብ ዓይን፣ ከሁለት ሴቶች መካከል የምታለቅሰዋን ሳያይ መቅረቱ ግን ትንሽ ያሳዝናል።

ሦስተኛ። መልሱ እንደደረሰኝ ጠረጴዛዬን አጥፌ፣ በሞጣ በኩል ሚኒባስ ተሳፍሬ ባሕር ዳር መጣሁ። የተቀበለችኝ ባለሙያ ጨዋ ናት፤ ስሟን ባውቅም እንዳትጎዳ አልጠቅስም። ፋይላችንን ከኮምፒውተሯ አውጥታ አየች። የፈንታነሽ ሕዋሳት በሕይወት ደርሰዋል። አንድ በአንድ ተነብበዋል። የሞተው ጀርም ታይቷቸዋል፣ ያኔ የገለጡትም ያልገለጡትም ገጽ ታውቋል። ሁሉም እዚያው ነው። እኔ የጠየቅሁት አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ ተኝተዋል ወይስ ነቅተዋል? ይህን አንድ ቃል ለሞጣዋ ሐኪም በስልክ ንገሩልኝ፣ ለእኔ እንኳ አትንገሩኝ አልኳት።

ባለሙያዋ ማያ ገጹን ስታነብ ፊቷን አይቻለሁ። ታውቃለች። የምታውቀውን ለመናገር ግን ፋይሉ ተዘግቷል አለችኝ፤ የተዘጋ ፋይል ውጤት ለሐኪም አይሰጥም፣ ለማስከፈትም የዳይሬክተሩ ፊርማ ያስፈልጋል። እርስዎም በዚያ ሳምንት ስብሰባ ላይ ነበሩ።

ክቡር ሆይ፣ በእግዚአብሔር ስም አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የእናቲቱ ደም ለጥናታችሁ ማነጻጸሪያ ነው፤ የተዘጋው ገጽ ቁልፍ በአባት በኩል መጣ ወይስ በእናት ለማለት ይረዳችኋል። ይህ ይገባኛል። የልጅቱ ሕዋስ ግን የልጅቱ ነው። ጀርሙን ሲያይ የማን ልጅ መሆኑን አልተጠየቀም፤ የቻለውን ገልጧል፣ ያልቻለውን ትቷል። የወይዘሮ አስናቀች ደም ባይገጥም፣ የእኔም ባይገጥም፣ ልጅቱ ከሰማይ ወርዳ ቢሆን እንኳ፣ በኮምፒውተራችሁ ውስጥ የተቀመጠው ንባብ ያው ነው። እናቷን ስላላወቃችሁ ብቻ፣ በሽታዋን የምታውቁላትን ልጅ ዝም ትሏታላችሁ?

ባለሙያዋ ስታዝንልኝ ጊዜ መፍትሔውንም ነገረችኝ። ፋይሉ እንዲከፈት ወላጅ እናት ነኝ የምትለው ሴት በምስክሮች ፊት ቃሏን መስጠት፣ ዳግመኛ ደም መስጠት፣ ደግሞም ተቃዋሚ ካለ እንዲቀርብ ጉዳዩ በመኖሪያ አካባቢዋ በግልጽ ለሕዝብ መነገር አለበት። ደንቡ የተጻፈው ሰው የሌላውን ልጅ ደም እንዳይሸጥ ተብሎ ነው አሉ። በጎ ደንብ ነው። ከዚህ በፊት ያልኩት የራሳችሁ ትእዛዝ ይህ ነው።

አራተኛ ቅሬታ የለኝም። ከዚህ በኋላ ያለው ፍርሃት ነው።

ደንቡን ለማስተዋል ስነግራት አላለቀሰችም። ተነስታ በሩን ዘጋች፤ ነገሩ ገና ሲነገር ሞት እንዳይሰማ ነው። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ተጽፎ ሳይነበብ መቅረት አይችልም ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ማመልከቻ መጻፍ ከጀመርኩ ወዲህ ይህን የጠየቀኝ ደንበኛ የለም፤ ሁሉም ተነብቦ ይሰማልኝ ነው የሚለው። ወይዘሮ አስናቀች ሲሰሙ ደግሞ ልጅቱን ሊመልሱልን እንደሚፈቅዱ፣ ጤፋቸውን ግን መልሰው እንደማይቀበሉ ነገሩን፤ ግማሿ የእኔ ሆና ትቅር፣ ሞት ሙሉዋን ፈልጎ ሲመጣ ግማሽ ይጉደልበት አሉ።

ባለፈው እሑድ ማስተዋል የልጅቱን ፀጉር ስትሠራት እጇ አንገቷ ሥር ቆመ። እኔ ከበሩ ላይ ነበርኩ። ቀና ብላ አየችኝ፣ እኔም መጥቼ ዳሰስኩት። እብጠቷ የሽንብራ ፍሬ ታክላለች፣ ከቆዳው ሥር፣ በግራ በኩል። ባንተአምላክን የጀመረው በግራ በኩል ነበር፣ አንዷለምንም እንዲሁ። ልጅቱ አንገቷን እየሰበቀች፣ እየኮረኮርን መስሏት ትስቅ ነበር። እኔ የማውቀውን ፍርሃት ሁሉ የጨረስኩ መስሎኝ ነበር፤ አልጨረስኩም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚሉት ለካ እንደ ተረት አይደለም። ከእሑድ ወዲህ ማስተዋል ልጅቱን ስታቅፍ አንገቷን አትነካም፤ እኔም ደግሜ ለመዳሰስ አልደፈርኩም።

ዶክተር ሰርካለም ዘንድ ወስደናታል። ለጊዜው የሚከላከል መድኃኒት ሰጥተዋታል፤ ሁለቱን መድኃኒቶች፣ የሚያነቃውንም የሚያስተኛውንም፣ ከሚያመጡበት ቦታ ጋር ተነጋግረው ተዘጋጅተዋል። የሚጠብቁት አንዲት ቃል ነው። እርሳቸውም ለቢሮአችሁ ደውለዋል፤ ፋይሉ የተዘጋ መሆኑን በትሕትና ተነግሯቸዋል።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ደንቡን ልፈጽም ነው። ከታች የሚነበበው የሕዝብ ማስታወቂያ ነው፤ የቢቸናም የሞጣም ሰው ይስማው፣ ሌላም የሚሰማ ካለ ይስማው።

ፈንታነሽ ጓዴ ከአባቷ ከጓዴ አካለ ወልድ፣ ከእናቷ ከማስተዋል ተወለደች። የወለደቻት ማስተዋል ናት። የኔ ልጅ ናት። ተቃዋሚ ካለ ይቅረብ።

ይህን አንድ መስመር ስጽፍ ብዕሬን ሁለት ሦስት ጊዜ አስቀምጬአለሁ። ለሰው ርስት ስከራከር፣ ይህ መሬት የእኔ ነው ብዬ በሌላው ስም ስጽፍ ኖሬአለሁ፤ የራሴን ልጅ የእኔ ናት ብዬ ስጽፍ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ማስተዋል አጠገቤ ተቀምጣ የመጨረሻው ቃል ላይ ስደርስ ዓይኗን ጨፍናለች። ከዚያ ጣቷን ቀለም ነክራ ከስሟ አጠገብ አተመች። ወይዘሮ አስናቀችና አዋላጇ ነርስ ምስክር ሆነው ፈርመዋል።

ማስተዋል ክንዷን ለመስጠት በቢቸናም በሞጣም በባሕር ዳርም፣ ባላችሁበት ሁሉ ዝግጁ ናት። እኛ የምንለምነው፣ የደሟ ምርመራ እስኪያልቅ ልጅቱ እንዳትጠብቅ፣ ፋይሉ ዛሬ ተከፍቶ ያቺ ቃል ለዶክተር ሰርካለም በስልክ እንድትነገር ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን። የቀረውን፣ የእናንተን ጥናትና የእኛን ስም፣ እንደወደዳችሁት አድርጉት፤ በመጽሔት ላይ ሐሰተኞች ብላችሁ ብትጽፉን እንኳ ልጅቱ አድጋ ስታነብበው እንድትስቅ ብቻ አድርሱልን።

ሕዋሳትዎ ዘወትር ነቅተው ይጠብቁዎ፤ ሲጠብቁም እርስዎን አይውጉ። ስብሰባዎችዎ ይቃኑ፤ የፊርማዎ ብዕር አይድረቅ። በሞት ፊት ዝም ያለች አንዲት ቤት፣ በእርስዎ ፊት አፏን ከፍታ ቆማለች፤ ይህንን ድፍረት ይቅር እንዲሉን ከእግርዎ ሥር ወድቀን እንለምናለን።

ከታላቅ አክብሮትና ከዚያ ከሚበልጥ ፍርሃት ጋር፣

ጓዴ አካለ ወልድ
ማመልከቻ ጸሐፊ፣ የፈንታነሽ አባት

ማስተዋል
የፈንታነሽ እናት፣ በእናንተ መዝገብ ሞግዚት (የጣት አሻራ)

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ አስናቀች፣ ግማሿን ለሚጠብቁልን
ለዶክተር ሰርካለም፣ ሞጣ፣ ስልክ አጠገብ ለሚቀመጡት
ለአስተያየት መስጫ ሣጥናችሁ፣ ለሸረሪቷ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ፣ ዛሬ ጠዋት፣ ማስተዋል ከጓሯችን ቆማ ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ ፈንታነሽን «ልጄ» ብላ ጠራቻት። ልጅቱ የምትጠራው ልጅ የት እንዳለች ለማየት ወዲያና ወዲህ ዞር ዞር አለች፤ ማንንም ስታጣ ወደ ጨዋታዋ ተመለሰች። እንግዲህ ተናግረናል። ሞት ሰምቶ ከሆነ እስካሁን መንገድ ጀምሯል፤ እርሱ ቢቸናን ያውቀዋል፣ ቤታችንንም አይስትም፣ ስብሰባ የለበትም፣ የእናትነት ማስረጃም አይጠይቅም። እናንተ ግን መኪናም ስልክም አላችሁ። እባካችሁ ቅደሙት።